ምዕራፍ ስድስት፦ ሰው፣ በግ፣ ውሻ

እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ የኦርቶዶክስ አይሁድ ማኅበረሰብ አራት ሰዎች በተለያየ ጊዜ እየተንቀጠቀጡ መውደቅ ጀመሩ። አራቱ ዝምድና የላቸውም፤ የሚኖሩትም በየራሳቸው ቤት ነው። ጭንቅላታቸው በምስል ሲታይ የሁሉም አንጎል ላይ ያልተለመደ ነገር ተገኘ። ከሁለቱ ናሙና ተወስዶ፣ የሁለቱ ደም ደግሞ ተመርምሮ የመጣው ውጤት ለማመን የሚቸግር ነበር፤ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ። እነዚህ ሰዎች በሃይማኖታቸው የአሳማ ሥጋ አይቀምሱም። በሽታው ወደሚበዛበት አገር ሄዶ የሚያውቀውም ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። ታዲያ ከየት አመጡት?

መርማሪዎቹ በሽተኞቹን በጥያቄ ከማድከም ይልቅ ወደየቤታቸው ዞሩ። ከ17 የቅርብ ቤተሰብ አባላት ደም ወሰዱ። ከሁለት ቤተሰቦች 7 ሰዎች በደማቸው ውስጥ ለዚህ እጭ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘባቸው። ከ7ቱ የሁለቱ አንጎል በኤምአርአይ ሲታይ ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ነበረበት፤ አንደኛው ሰው ቀደም ሲልም ጥሎት ያውቃል። ቀጥሎ በአራቱ ቤቶች የሚሠሩ 6 የቤት ሠራተኞች ተመረመሩ። የአንዷ አንጀት ውስጥ የኮሶ ትል ተገኘ፤ የሌላዋ የደም ምርመራ አዎንታዊ ሆነ። ሴቶቹ ትሉ ከሚበዛባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች በቅርቡ የመጡ ስለነበሩ መነሻው እነሱ ሳይሆኑ እንደማይቀር በ1992 የታተመው ጥናት ደመደመ።

እዚህ ላይ ጣትን ወደ ሠራተኞቹ መቀሰር ይቀናል። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አየዋለሁ። ትሉን በአንጀቷ የተሸከመች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማትም፤ ሳታውቀው ከማንም በላይ አደጋ ላይ ያለችው ራሷ ናት፤ ምክንያቱም የትሉን እንቁላል ከራሷ እጅ ልትውጠው ትችላለች። በአንድ የሰገራ ምርመራና በአንድ መጠን መድኃኒት የሚዘጋ ነገር ነበር። ልጆቻቸውን ጧት ማታ የምታበላውን ሴት ጤና ከራሳቸው ጤና ለይተው ያዩት አሠሪዎች፣ የገዛ ቤታቸውን ግማሽ ነው ያልቆጠሩት።

የአሳማ ኮሶ ትል ሁለት መንገድ አለው። እጩ ያለበትን የአሳማ ሥጋ ሳያበስል የበላ ሰው አንጀቱ ውስጥ ትሉ ያድጋል። ይኸው ሰው ከሰገራው ጋር እንቁላል ያወጣል፤ እንቁላሉ ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው ምግብ ሲደርስ፣ የዋጠው ሰው ትል ሳይሆን እጭ ይይዘዋል፤ እጩም በጡንቻ፣ በዓይንና በአንጎል ይሰፍራል። ስለዚህ አሳማ በጎረቤት ሳይኖር፣ ሥጋውም ደጃፍ ሳይደርስ፣ በሽታው ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትሉ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች 30 በመቶው ያህል መንስኤያቸው ይህ ነው።

የኛ አገር ኮሶ በአብዛኛው የበሬ ነው። የበሬ ኮሶ ትል ብዙ ሜትር ይረዝማል፣ ቁርጥራጩም ልብስ ላይ እየወጣ ባለቤቱን ያሳቅቃል፤ እንቁላሉ ግን ሰው አካል ውስጥ እጭ አያበቅልም። ኮሶ የታየበት ሰው እናቱንም ልጁንም በቀጥታ አያስይዝም። ቢሆንም ቤተሰቡን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በአንድ ትሪ ከአንድ ብልት ጥሬ ሥጋ የቆረጡ ሁሉ እኩል ተጋልጠዋልና። አባቶቻችን በዚህ ረገድ ምርመራ አያስፈልጋቸውም ነበር። በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ ይጠጣል፤ የዕለቱ ጠጪም ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች የጅምላ ሕክምና የሚሉትን ነገር አገሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሠራበት ኖሯል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ከመጡ ወዲህ ያ ሁሉ ስቃይ ወደ ጥቂት ክኒን ወረደ።

ኮሶ ግን አንድ መጥፎ ልማድ ጥሎልን ሄዷል። ከእንስሳ የሚመጣ ትል ሁሉ በሰገራ ምርመራ የሚታይ ይመስለናል። «ሰገራ ሰጥቼ ነጻ ነህ ተብያለሁ» የሚል ሰው ስለ አንጀቱ እንጂ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ሳንባውና ስለ ዓይኑ የሰማው ነገር የለም። ቀጥዬ የማወራላችሁ ትል በሰው ሰገራ ውስጥ ከቶ አይገኝም። ሰው ውስጥ አድጎ እንቁላል የመጣል ዕድል የለውማ።

የበዓል ቀን ጉበት

ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ቤቱ የውሻ አንጀት ነው። አንድ ውሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ትሎች ተሸክሞ ጅራቱን እየቆላ፣ በልቶና ሮጦ ይውላል፤ የሕመም ምልክት አያሳይም። እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር በሣር ላይ ይወድቃል፣ በግ ሣሩን ይግጣል፣ እጩ ከአንጀት ወደ ደም ሥር ገብቶ በጉበት ወይም በሳንባ ይሰፍርና ዙሪያውን ግድግዳ ሠርቶ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ ከረጢት ውስጥ እያንዳንዱ ትል መሆን የሚችል እጅግ ብዙ ጥቃቅን ራስ ይፈለፈላል። ፍየል፣ ከብትና ግመልም እንደ በጉ ያገለግላሉ።

ጓሮ ውስጥ በግ ሲገፈፍ ቆሞ ያየ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። የፋሲካ ማለዳ ነው። አራጁ ሆድ ዕቃውን ሳፋ ላይ ይዘረግፋል፣ ጉበቱን አንስቶ ያገላብጠዋል። ወገቡ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲጫኑት መልሶ የሚገፋ እብጠት አለ። በቢላዋው ጫፍ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠርና እጁ ላይ ይፈሳል፤ ከውስጡ ነጭ፣ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል። «ይኼ ደግሞ ተበላሽቷል» ይላል። ደህናውን ክፍል ለዱለቱ ይለያል። የተበላሸውን ቆርጦ፣ ሲነጋ ጀምሮ በሩ ላይ ተጋድሞ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውርለታል። ለሰው ያልሆነ ለውሻ ይሆናል፤ በበዓል ቀን ውሻ ጦሙን አያድርም፤ ከዚያም በላይ ሥጋ መጣል ነውር ነው። ይህ ሁሉ ደግነት ነው። ስድስትና ሰባት ሳምንት ቆይቶ ያ ውሻ እንቁላል መጣል ይጀምራል።

እንቁላሉ ከወጣበት ደቂቃ አንሥቶ መያዝ ይችላል። የውሻው ፀጉር ላይ ይጣበቃል፤ የጓሮ ጎመን ላይ፣ ኩሬ ውስጥ፣ ልጅ በሚድህበት መሬት ላይ ይገኛል። ሰው ሲውጠው በበጉ ቦታ ይገባል ማለት ነው። ከመቶ ሰባው ያህል በጉበት፣ ሃያው ያህል በሳንባ ይይዛል፤ የቀረው በኩላሊት፣ በአጥንት፣ አልፎ አልፎም በአንጎል ይሰፍራል። ከረጢቱ በዝግታ ነው የሚያድገው። አሥር ዓመት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ ጎን መውጋት ይጀምራል፣ ወይም የሐሞት መተላለፊያ ተጭኖ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሲወድቁ ወይም በኃይል ሲመቱ ቢፈነዳ ደግሞ ፈሳሹ በሰውነት ውስጥ ተረጭቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል የሚችል የአለርጂ ድንጋጤ ያመጣል፤ የተረፈውም ሰው ሆዱ ውስጥ ብዙ አዳዲስ ከረጢቶች ሊበቅሉበት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በማንኛውም ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ የትል ወገን በሚመጣ በሽታ እንደተያዙ ይገምታል።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዲት እናት ጉበቷ ላይ ከረጢት ተገኘ ተብሎ ልጆቿ ከእሷ አይይዛቸውም፤ ባሏም አብሯት በመተኛቱ አይታመምም። ታዲያ ቤተሰቡን ለምን እንመረምራለን? አንድ ውሻ ስላላቸው ነው። አንድ ኩሬ፣ አንድ ጓሮ፣ አንድ አራጅ ስላላቸው ነው።

ከዛፍ ሥር ያለው መሣሪያ

በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚኖሩት የቱርካና አርብቶ አደሮች በዓለም ላይ ይህ በሽታ በብዛት ከተመዘገበባቸው ሕዝቦች አንዱ ናቸው። በሰሜኑ ክፍል በየዓመቱ ከ100,000 ሰው 220 ያህሉ ለዚህ ሲሉ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው እንደነበር የቀድሞ ጥናቶች ይጠቅሳሉ። ቱርካና ውስጥ ውሻ ከጎጆው ደጅ የሚቆም ዘበኛ ብቻ አይደለም። ከሕፃናቱ ጋር ይተኛል፣ ሲያስመልሱና ሲጸዳዱ ልሶ ያጸዳቸዋል፣ ዕቃ ይልሳል። ውሃ ብርቅ በሆነበት ምድር ይህን ሥራ ሌላ ማን ይሠራዋል? ከተማ ተቀምጦ ልማዱን ማንቋሸሽ ቀላል ነው፤ የቱርካና ሴት እጅ መታጠቢያ ውሃ ለማምጣት የምትሄደውን ርቀት የሚያውቅ ሰው ግን አፉን ይይዛል።

በ1957 በበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት የተጀመረው አምሬፍ የተባለ የጤና ድርጅት በ1983 እዚያ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፈተ። መጀመሪያ የነበረው ምርጫ የደም ምርመራ ነበር። የደም ምርመራው ግን አሳፈራቸው። ትልቅ ከረጢት በጉበቱ ይዞ ደሙ ላይ ምንም የማይታይበት ሰው በርካታ ነው፤ ከረጢቱ ግድግዳውን አጥብቆ ስለዘጋ ሰውነት እንግዳ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። በሌላ በኩል ምንም የሌለበት ሰው ደም «አለበት» ይላል። ያኔ በመኪና የሚጓጓዝ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ገበያ ላይ ወጥቶ ነበርና ቡድኑ ያንን ይዞ በየመንደሩ ዞረ። በ1987 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ንጽጽራቸው የአልትራሳውንዱን ብልጫ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ለዚህ በሽታ የሚደረግ የማኅበረሰብ ልየታ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ሄዷል።

ነገሩ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ተመርማሪዋ በጀርባዋ ትተኛለች። ከጎድን አጥንቷ በታች ጄል ይቀባል። መርማሪው በቀኝ በኩል መሣሪያውን እያንሸራተተ ትንፋሽሽን ስበሽ ያዢ ይላታል፤ ስትስብ ጉበቷ ከአጥንቱ ሥር ወረድ ብሎ ይወጣለታል። ጤነኛ ጉበት በስክሪኑ ላይ ወጥ ግራጫ ነው። ከረጢት ካለ ጥቁር ክብ ይታያል፤ ዙሪያውን ሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ይከቡታል። በጎንሽ ዙሪ ሲላት ታች የዘቀጠ ነጭ ብናኝ ተነሥቶ ይንሳፈፋል፤ ብናኙ ቅድም ያልናቸው ጥቃቅን ራሶች ናቸው። አንዳንዱ ከረጢት ውስጡ በብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ተከፋፍሎ የማር እንጀራ ይመስላል። አንዳንዱ ደግሞ ውሃው ደርቆ፣ ጠጥሮ፣ ግድግዳው ወደ ኖራነት ተለውጦ ይገኛል። ሙሉ ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም፣ ጨረር የለውም፣ ውጤቱም እዚያው ይነገራል። ጉድለቱ ሳንባን አለማሳየቱ ነው፤ ለሳንባ ራጅ ያስፈልጋል።

እነዚህን መልኮች በደረጃ ለይቶ በ1981 ያሳተመው ሐሰን ጋርቢ የሚባል ቱኒዚያዊ የራጅ ሐኪም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበትን ምደባ ሲያወጣ መነሻው የእሱ ሥራ ነበር። በመርፌ ፈሳሹን መጦ፣ ገዳይ መድኃኒት አስገብቶ፣ መልሶ የመምጠጥ ሕክምናም በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው በቱኒዚያ ሐኪሞች ነው። በሰሜን አፍሪካ ስለበጎቹ ብዛት በሽታው ስላስመረራቸው ዕውቀቱም ከዚያው ወጣ።

ድንበሩን ወደኛ ስንሻገር ደቡብ ኦሞ ነው። ኛንጋቶም፣ ዳሰነችና ሐመር ከቱርካና ጋር በግጦሽም በኑሮም ይመሳሰላሉ፤ የልየታው ሥራም ወደ እነሱ ተሻግሯል። በ1993 ስለ ሐመር የታተመ ጥናት በርዕሱ ላይ ሳይቀር ያሰመረበት ነገር በሽታው የሴቶች ችግር መሆኑን ነው። በቱርካናም እንዲሁ ታይቷል። ወንዱ ከብቱን ተከትሎ ይርቃል። ሴቷ ውሻው፣ ሕፃኑና የውሃው ቅል ካሉበት አትለይም። ቤተሰብን መመርመር ስንል «አባወራውን ጥራልኝ» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ የሚቀርበው ሰው ጤነኛው፣ የሚቀረው በሽተኛው ሊሆን ይችላል።

አርብቶ አደሮቹን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ የሚመስለው ካለ አውሮፓን ይመልከት። ከ2014 እስከ 2015 በቡልጋሪያ፣ በሩማኒያና በቱርክ ገጠሮች 24,693 ሰዎች በአልትራሳውንድ ታዩ። በሆዳቸው ውስጥ ከረጢት የተገኘባቸው በቡልጋሪያና በሩማኒያ 0.41፣ በቱርክ 0.59 በመቶ ነበሩ። ከ200 ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው።

ካገኙት በኋላስ?

ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነው። አንድ የ25 ዓመት ወጣት፣ ምንም ያላመመው፣ እህቱ ስለታመመች ብቻ ተጠርቶ መጥቶ 6 ሴንቲ ሜትር ከረጢት ተገኘበት እንበል። ጧት ጤነኛ ሆኖ የወጣ ልጅ ማታ በሽተኛ ሆኖ ይገባል። አሁን ምን እናድርግለት? በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፉት ትንሽ መጽሐፍ ሰውን ሳይታመም ከመመርመር በፊት መመለስ ያለባቸውን አሥር ነጥቦች ዘርዝረው ነበር። ከሁሉም ክብደት የምሰጠው ማንን እንደምናክም፣ በምንስ እንደምናክም አስቀድመን እንስማማ ለሚለው ነው። መልስ ያላዘጋጀ መርማሪ ጭንቀት ከማከፋፈል በቀር የሚሠራው የለም።

ለዚህ በሽታ መልሱ በከረጢቱ ዕድሜና መልክ ይወሰናል። ትንሽና ሕያው ከሆነ ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል፤ መካከለኛ ከሆነ በመድኃኒት ታግዞ በመርፌ መምጠጥ፤ ትልቅ፣ የተወሳሰበ ወይም ሊፈነዳ የቀረበ ከሆነ ቀዶ ሕክምና። ጠጥሮ የሞተ ከሆነ አይነካም፤ በየጊዜው በአልትራሳውንድ እየታየ ይተዋል። የመጨረሻውን ለቤተሰብ ማስረዳት ከሁሉም ይከብዳል። ሆዱ ውስጥ ነገር አለ ብሎ ነግሮ፣ መድኃኒትም ቢላዋም ሳይሰጡ ሂድ ማለት ሐኪሙን ሰነፍ ያስመስለዋል። ብዙ ዘመድም በዚህ ተናዶ ሌላ ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ካስቸገረም የሚቀድለት አያጣም። ቀዶ ሕክምና ግን ዋጋ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰፈረው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአማካይ 2.2 በመቶ ሰው ይሞታል፣ 6.5 በመቶው ላይ በሽታው ያገረሻል። በሌላ በኩል ከረጢቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ለናሙና መርፌ መሰካት እንደ መፈንዳት ያለ አደጋ አለው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሐኪም ይህን በሽታ በሥራ ዘመኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ገጠር ያደጋችሁ፣ ውሻና በግ ባለበት ቤት የኖራችሁ ከሆነና ጉበታችሁ ላይ ውሃ የያዘ ነገር ታየ ከተባላችሁ፣ መርፌው ሳይመጣ ይህንን ንገሩት። ሃያ ዓመት ውጭ አገር መኖር ከረጢቱን አያጠፋውም።

ከመመርመር ይልቅ አለመመርመር የሚሻልባቸው ጥገኛ ትሎችም አሉ። ቶክሶካራ የሚባለው የውሻና የድመት ወስፋት አንዱ ነው። ቡችላ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ይይዘዋል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ካልቆየ አይዝም፤ ስለዚህ አደጋው ቡችላውን ማቀፍ ላይ ሳይሆን አፈር የሚበላው ልጅ ላይ ነው። እጩ በሰውነት ውስጥ ሲንከራተት ዓይን ከደረሰ ብርሃን ይወስዳል። በ1950 ሄለኖር ዋይልደር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ብዙዎቹ ካንሰር አለባቸው በሚል ጥርጣሬ ከወጡ 46 ዓይኖች ውስጥ በ24ቱ የትል እጭ አገኘች። አስደንጋጭ ነው፤ ሆኖም ቡችላ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ደም ቅዱ አያሰኝም። የደም ምርመራው ከዓመታት በፊት አልፎ የሄደውንና ዛሬ ያለውን አይለይም፤ ብዙ ጤነኛ ልጅ በከንቱ መድኃኒት ይውጣል። የዓይን ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ያለበት ልጅ ይመርመር። የቀረው ገንዘብ ለቡችላው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የወስፋት መድኃኒት ለመስጠት ይዋል።

ቶክሶፕላዝማ የሚባለው የድመት ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ውሳኔ ይፈልጋል። ድመት እንቁላሉን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ስለሆነ እሷን መመርመር ትርጉም የለውም። ፈረንሳይ ዓይኗን ነፍሰ ጡሮች ላይ ጣለች፤ በሽታው ያልያዛቸውን እናቶች ከ1992 ጀምሮ በየወሩ ትመረምራለች። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ደግሞ ነፍሰ ጡሯ ከድመቷ ይልቅ ክትፎውን ብትፈራ ይሻላል፤ ይህን ስናገር ብዙ ወዳጅ እንደማላፈራ አውቃለሁ።

ልጆቹና ውሻው የሚናገሩት

ወደ ውሻው ትል እንመለስ። የቤተሰብ ልየታ ከማከም ሌላ አንድ ጥቅም አለው፤ እኔ ትልቁ ይህ ነው እላለሁ። የአያት ጉበት ላይ የተገኘ ከረጢት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስለነበረ ውሻ ሊሆን ይችላል የሚናገረው። የሰባት ዓመት ልጅ ጉበት ላይ የተገኘው ግን አሁን በር ላይ ስለተኛው ውሻ ነው። በደቡባዊ አርጀንቲና የሚገኘው የሪዮ ኔግሮ ክፍለ ሀገር ይህን ቀድሞ ተረዳ። ከ1980 ገደማ ጀምሮ ለውሾች ፕራዚኳንቴል ሲሰጥ ቆየና በ1990ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎችን ሆድ በየትምህርት ቤቱ በአልትራሳውንድ ማየት ጀመረ። የሚያዩትም ልዩ ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የገጠር ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው። ልጆች ላይ አዲስ ከረጢት ከታየ ከመንደሩ አንድ ያልታከመ ውሻ አለ ማለት ነው። ልጁ ይታከማል፤ ቡድኑ ወደ ቤቱ ሄዶ ውሻውን ይፈልጋል። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ለበጎቹ ክትባት ተጨምሯል።

ውሻውን ራሱን መመርመርስ? ድሮ አሬኮሊን የሚባል አስቀማጭ ሰጥተው የወጣውን ሰገራ እየበረበሩ ትል ይፈልጉ ነበር፤ ለሠራተኛው አደገኛም አስጸያፊም ነው። አሁን በቤተ ሙከራ የውሻን ሰገራ መርምሮ የትሉን ምልክት ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከምርመራው ርካሽ ስለሆነ የበሽታው አገር ላይ ሁሉንም ውሻ ማከም ያዋጣል። አንድ መጠን ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል። እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ መድኃኒት የወሰደ ውሻ የሚያወጣው ሰገራ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ነገ ሌላ የተበላሸ ጉበት ከበላም እንደገና ይያዛል። ኒውዚላንድ በየስድስት ሳምንቱ ውሾቿን ስታክም የኖረችው፣ ትሉ እንቁላል ለመጣል የሚፈጅበትን ጊዜ ቀድማ ነው። በ1959 ሕግ አውጥታ የጀመረችውን ሥራ በ2002 ከበሽታው ነጻ ነኝ ለማለት አበቃችው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው።

አይስላንድ ደግሞ አልትራሳውንድም ፕራዚኳንቴልም ሳይኖር ነው የተሳካላት። በ1863 ሃራልድ ክራቤ የሚባል ዴንማርካዊ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ 100 ውሾች ከፍቶ ሲያይ 28ቱ ትሉን ተሸክመዋል። በማግስቱ ዓመት በሽታውን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለየቤተሰቡ በነጻ ታደለ። የገጠሩ ሰው ማንበብ ይችል ነበርና አነበበው። በ1890 የወጣ ሕግ ደግሞ ውሾች እንዲታከሙና በከረጢት የተያዘ ሆድ ዕቃ እንዲወገድ አስገደደ። በሽታው ከዚያ በኋላ ከተወለዱት ላይ እየጠፋ ሄደ። ያስቆመው ምንድን ነው ቢባል በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች የታመመውን ጉበት ለውሻ መወርወር ተዉ።

በአገራችን ቄራዎች የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ከረጢት በየቀኑ ያያሉ፤ በተለያዩ ከተሞች ቄራዎች የተደረጉ ጥናቶችም በከብቶች ላይ የተለመደ መሆኑን አሳይተዋል። በጓሮ የሚታረደውን በግ ግን የሚያይለት የለም። ከአልትራሳውንድ በፊት፣ ከደም ምርመራም በፊት፣ ይህ ቤተሰብ አደጋ ላይ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሳፋው ላይ ነው። ስለዚህ አራጁን ጠይቁት። ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ካገኘ አትቅደደው በሉት፤ ለውሻም፣ ለድመትም፣ ለቆሻሻ ገንዳም አይሰጥ። ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ውሻውን መመገብ ካለባችሁም ለግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ፍሎ ከበረደ በኋላ ይብላ። በጉ ከራሳችሁ መንጋ ከሆነ ውሻችሁን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ቤታችሁ ውስጥ ጎኑን የሚያመው ሰው ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሰገራ ከመስጠት በፊት ያያችሁትን ጉበት ለሐኪሙ ይንገረው።